ውዝፉን ግድግዳ ላይ ስንሰቅለው
(በምሩቃን የመገናኛ ቀን፣ ጳውሎስ አካባቢ በተደረገው ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ሲደውልልኝ «ከሥራሽ ያገኘሽውን ልምድ ሃያ ደቂቃ ንገሪን» አለኝ። እሺ አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ደነገጥኩ። እኔ ፓቶሎጂስት ነኝ፤ የሥራዬ ነገር ከምሳ በፊት አይወራም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሴልም ስለ ካንሰርም ብዙ አላወራም። የማወራው ስለ አንድ ግድግዳ ነው።

በመጀመሪያ ስላለንበት ቦታ ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም እኔ የጳውሎስ ሰፈር ሰው ነኝ። ታክሲ ውስጥ «ጳውሎስ ወራጅ አለ» ማለት የጀመርኩት ገና ሕፃን ሳለሁ ነው። በዚህ በኩል ዊንጌት፣ በዚያ በኩል ፓስተር፣ መሐል ላይ ሆስፒታሉ። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ለድሃው ተብሎ ሲከፈት ያዩ ሰዎች በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ ነበሩ። በ2000 ዓ.ም የሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ሲሆንና በ2008 ዓ.ም ኩላሊት መተካት ሲጀመር ደግሞ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የራሱ ልጅ የተመረቀ ያህል ነው የተደሰተው። ሆኖም አንድ ነገር ከአሁኑ ግልጽ ላድርግ። የምነግራችሁ ታሪክ እዚህ ጳውሎስ የሆነ አይደለም። የሆነበትን ተቋም ስም አልጠራም፤ እንድትገምቱም አልፈልግም። ጥፋቱ በአብዛኛው የእኔ ስለሆነ የተቋሙ ስም ምንም አይጨምርላችሁም። ከጳውሎስ የመጣው መፍትሔው ነው፤ እሱም ከሆስፒታሉ ሳይሆን ከፊት ለፊቱ ካለች ምግብ ቤት ነው። እደርስበታለሁ።

ከእናንተ መካከል ሰርጀን የሆናችሁ ፓቶሎጂን የምታውቁት ናሙና ልካችሁ «እስካሁን አልደረሰም?» ብላችሁ ስትቆጡ ነው። ከመስኮቱ በስተጀርባ ያለው ግን ይህን ይመስላል። ናሙናው በፎርማሊን ውስጥ ሆኖ ይመጣል፤ ይመዘገባል። ሬዚደንቱ ይለካዋል፣ ይቆራርጠዋል፣ ትንንሽ ካሴት ውስጥ ይከተዋል። ካሴቱ ማሽን ውስጥ ያድራል። በማግስቱ በሰም ይቀበራል። ቴክኖሎጂስቱ በማይክሮቶም ከፀጉር በቀጠነ ውፍረት ይልገዋል፤ ስላይድ ላይ አስቀምጦ ቀለም ይቀባዋል። ከዚያ ሬዚደንት ያነባል፣ ሲኒየር ያነባል፣ ጸሐፊዋ ትተይባለች፣ ሲኒየሩ ይፈርማል፣ ወረቀቱ ወደ ውጤት መስጫው መስኮት ይሄዳል። ሁሉም ነገር ከሰመረ ይህ ሁሉ በጥቂት ቀናት ያልቃል። እኛ ጋ ሁለት ወር የቆየ ናሙና ነበረን፤ ከሁለት ወር በላይ የቆየም ነበር።

ታዲያ እኛ ሰነፎች አልነበርንም። ይህን እንድታምኑኝ እፈልጋለሁ። እሑድ ጭምር እንገባ ነበር። እኔ የኬዝ ቲሙ አስተባባሪ ነበርኩ። በየሦስት ወሩ «ማይክሮቶም አንድ ብቻ ስለሆነ ተጨማሪ ይገዛልን» የሚል ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ «በበጀት እጥረት ምክንያት» የሚል መልስ ይመጣል፤ እኔም መልሱን ፋይል አደርጋለሁ። ውዝፍ ሥራ ሲበዛ ዘመቻ እናውጃለን። ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ እየሠራን ክምሩን እናሳንሰዋለን፤ በሦስተኛው ሳምንት ሁላችንም ደክመን እንተኛለን፤ በስድስተኛው ሳምንት ክምሩ ተመልሶ ቦታውን ይይዛል። ዘመቻ የምንወድ ሰዎች ነን እኮ!

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ከገጠር የመጣች፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ነበረች። ጡቷ ላይ እብጠት ነበራት፤ ናሙና ተወስዶ ወደ እኛ መጣ። ስላይዱን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ካንሰር ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ጥግ ላይ ያየሁት ነገር ስላሳሰበኝ ባልደረባዬን ላማክር ብዬ ጠረጴዛዬ ላይ ካለችው ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ሳጥኗ ላይ በፕላስተር «ምክር» ተብሎ ተጽፎባታል። ሁላችሁም እንዲህ ዓይነት ሳጥን አላችሁ፤ አትዋሹኝ። ሳጥኗ ውስጥ ሌሎች ስላይዶችም ነበሩ። በላያቸው ሌሎች ተደረቡ። እኔ ደግሞ ለስልጠና ወጣሁ፣ ተመለስኩ፣ ፈተና አወጣሁ፣ ፈተና አረምኩ።

ሴትየዋ ሦስት ጊዜ መጥታለች። ሦስቱንም ጊዜ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ መዝገቡን አይታ «ገና ነው እናቴ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ይምጡ» ብላ መልሳታለች። ልጅቷ አልዋሸችም፤ መዝገቡ ላይ ያለው «ገባ» የሚል ቃል ብቻ ነው። የት እንደደረሰ የሚያውቅ ሰው በሕንፃው ውስጥ አልነበረም። አንድ ሰው ያውቅ ነበር፤ እሱም እኔ ነኝ፤ እኔም ረስቼዋለሁ። በሦስተኛው ጊዜ ሴትየዋ ገንዘቧ አለቀና ወደ አገሯ ተመለሰች። ስትመለስ አራት ወር አልፏል፤ ቁስሉ ፈንድቶ ነበር። ሰርጀኑ ይዟት ቢሯችን ድረስ መጣ። ሳጥኔን ገለበጥኩ፤ ስላይዱ ከታች ነበር።

«ዶክተር፣ የኔ ወረቀት ጠፍቶ ነበር እንዴ?» አለችኝ። አልጠፋም ነበር። አጠገቤ ነበር።

ሕክምና ጀመረች። ዓመት ሳይሞላት አረፈች። በጊዜው ቢነገራት ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም፤ እንደ ሐኪም እንዲህ ያለውን ነገር በእርግጠኝነት መናገር እንደማይቻል ታውቃላችሁ። ግን አራት ወር ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ ጳውሎስ ስደርስ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ካሉት ምግብ ቤቶች አንዷ ገባሁ። አስታማሚዎች የሚበሉባት፣ ፍርፍርና ሽሮ፣ ፓስታ በአትክልት የምታቀርብ ትንሽ ቤት ናት። የተቀመጥኩት ከኩሽናው መስኮት አጠገብ ነው። መስኮቱ ላይ ሽቦ ተወጥሯል፤ አስተናጋጇ ትእዛዝ በተቀበለች ቁጥር ቦኗን እዚያ በመቆንጠጫ ትሰቅላለች። ምድጃዎቹ አራት ናቸው። አራት ቦን ከምድጃ በላይ ይሰቀላል፤ የቀረው በግራ በኩል ይጠብቃል። አስተናጋጇ አምስተኛውን በምድጃው በኩል ልትሰቅል ስትል ወጥ ቤቷ ጮኸችባት፦ «አንቺ ልጅ፣ አራት ድስት ነው ያለኝ! መጀመሪያ ያንን የደረሰውን አንሺና ስጪ!» አስተናጋጇም የደረሰውን ሳህን ይዛ ሄደች፤ ቦኑም አብሮ ወረደ፤ ባዶ ቦታ ተገኘ፤ አምስተኛው ቦን ተሰቀለ።

ሽሮዬ ቀዘቀዘ፤ እኔ ሽቦውን እያየሁ ነው። ይቺ ሴት የስንት ሰው ምሳ የት እንደደረሰ ቀና ብላ ታያለች። እኔ የስንት ሰው ዕጣ የት እንደደረሰ ለማወቅ ሳጥን መገልበጥ ነበረብኝ።

ነገሩ ስም እንዳለው በኋላ ነው የተረዳሁት፤ ካንባን ይባላል። ጃፓንኛ ነው፤ ሰሌዳ ወይም ምልክት እንደማለት ነው። ቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ ታይቺ ኦኖ የተባለው መሐንዲስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያዳበረው አሠራር ነው፤ ሐሳቡን የወሰደውም ከአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች ነው። እዚያ መደርደሪያው የሚሞላው ደንበኛው ባነሳው ልክ ነው። ኦኖም፣ ተከታዩ የሥራ ክፍል የተጠቀመበትን ያህል ብቻ የፊተኛው ክፍል ይሥራ አለ፤ ምልክቱም ካርድ ነው። ካርድ ካልመጣ አይሠራም። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ዴቪድ አንደርሰን የተባለ ሰው ማይክሮሶፍት ውስጥ ለሶፍትዌር ሥራ አመጣው፤ ዛሬ ልጆቻችሁ ኮምፒውተር ላይ ካርድ ከአንዱ ዓምድ ወደ ሌላው ሲጎትቱ የምታዩት የዚያ ዝርያ ነው። እንግዲህ ኦኖ ከሱፐርማርኬት ከተማረ እኔ ከጳውሎስ ሽሮ ቤት ብማር ነውር የለውም።

ቶዮታና ጃፓን ስል የአንዳንዶቻችሁ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። ገብቶኛል። ካይዘን አገራችን የገባው በመንግሥት በኩል ነው። በ2000 ዓ.ም ግድም አቶ መለስ ዜናዊ ከጃፓኖች ጋር ተነጋግረው፣ በጃይካ ድጋፍ በ30 ድርጅቶች ተሞክሮ፣ በ2004 ዓ.ም የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ የተሻሻሉ ፋብሪካዎችም አሉ። እኛ መሥሪያ ቤቶች ዘንድ ሲደርስ ግን ከቢፒአርና ከቢኤስሲ ቀጥሎ የመጣ ሌላ ስልጠና ሆነ። አበል ተቀበልን፣ አምስቱን «ማ»ዎች ሸመደድን፣ ባነር ሰቀልን። ስለዚህ ለቡድኔ ሳስተዋውቀው ካይዘንም ካንባንም አላልኩም። «ቦን እንስቀል» ነው ያልኩት።

ዕቃው ቀላል ነው። ቢሯችን ፊት ለፊት ያለውን የኮሪደር ግድግዳ ወሰድን፤ ሕመምተኛ የማያልፍበት ነው። በቀለም ዘጠኝ ዓምድ አሰመርን፦ ደርሷል፣ ተቆርጧል፣ ማሽን፣ ስላይድ፣ ንባብ፣ ምክር፣ ታይፕ፣ ፊርማ፤ የመጨረሻው ላይ እደርሳለሁ። ለእያንዳንዱ ናሙና አንድ ትንሽ ካርቶን፤ በላዩ የላቦራቶሪ ቁጥሩና የገባበት ቀን ብቻ። የሕመምተኛ ስም የለም፣ የሐኪም ስም የለም። መጀመሪያ እነዚያን የሚጣበቁ ባለቀለም ወረቀቶች ገዝተን ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ከአቧራው የተነሣ ሁሉም ወለል ላይ ረግፈው አገኘናቸው። ከዚያ በኋላ በሕክምና ፕላስተር ለጠፍን። የሕክምና ፕላስተር ይይዛል።

ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም ተሰብስበን ያለውን ውዝፍ በሙሉ በካርድ መጻፍ ጀመርን። ከየመሳቢያው፣ ከየሳጥኑ፣ ከየቁም ሣጥኑ አናት ወጣ። ከሰዓት በኋላ ግድግዳው አለቀ። ካርዶቹ ጥግ ዞረው እስከ ደረጃው ደረሱ። በሰባት ሰዓት ማንም አይስቅም ነበር። በዕድሜ የሁላችንም ታላቅ የነበረው ቴክኒሻናችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው፣ መነጽሩን አውልቆ ቆሞ አየና «ለካ ይሄን ሁሉ ሰው አስቀምጠናል» አለ። ናሙና አላለም፤ ሰው ነው ያለው።

ከዚያ ያየነው ነገር አሳፈረኝ። ክምሩ «ስላይድ» የሚለው ዓምድ ላይ አልነበረም። ለዓመታት ደብዳቤ ስጽፍበት የኖርኩት ማይክሮቶም ፊት ለፊት ያሉት ካርዶች ጥቂት ነበሩ። ጋሼና ባልደረቦቹ በዚያች አንድ ማሽን ሥራቸውን ጨርሰዋል። ክምሩ ሁለት ቦታ ነበር። አንደኛው «ታይፕ» ነው፤ አንዲት ጸሐፊ ነበረችን፤ እሷንም ግማሽ ቀን ሌላ ቢሮ ቃለ ጉባኤ ያስጽፏታል፤ እኛ አናውቅም፣ እሷም ሰው ጠይቋት ስለማያውቅ አልተናገረችም። ሁለተኛው ትልቁ ክምር «ንባብ» እና «ምክር» ላይ ነበር። ማለትም እኛ ሐኪሞቹ ጋ። ሁለተኛ ማይክሮቶም ተገዝቶልን ቢሆን ኖሮ ጠረጴዛችን ላይ ያለው ክምር ነበር የሚጨምረው። በጀት የከለከለኝን ሰው በልቤ አመሰገንኩት።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ፍቀዱልኝ፤ ሒሳቡ አራት ኪሎ የተማርነውን ያህል አይከብድም። ጆን ሊትል የተባለ አሜሪካዊ በ1961 እ.ኤ.አ. ያረጋገጠው ሕግ አለ። በውስጥ ያለው ሥራ ብዛት፣ በአንድ ሳምንት ለሚጨርሱት ቢካፈል፣ አንዱ ሥራ በአማካይ የሚቆይበትን ሳምንት ይሰጣል። እንበል 600 ናሙና እጃችን ላይ አለ፣ በሳምንት 60 እንጨርሳለን፤ አዲስ የመጣው ሰው አሥር ሳምንት ይጠብቃል። የሚያስደንቀው ይህ አይደለም። የሚያስደንቀው ሁላችንም በርትተን አዳዲስ ናሙና ማንበብ «መጀመራችን» ማንንም እንደማይጠቅም ማሳየቱ ነው። የተጀመረ ሥራ ለሕመምተኛው ምኑም አይደለም። እኔ በአንድ ጊዜ አርባ ስላይድ ከፍቼ ስቀመጥ ታታሪ እመስል ነበር። ወጥ ቤቷ ብታየኝ «ስንት ድስት ነው ያለሽ?» ትለኝ ነበር።

ስለዚህ ልክ አበጀን። ለአንድ አንባቢ በንባብ ዓምድ ከስምንት ካርድ በላይ አይሰቀልም። «ምክር» ዓምድ ላይ ለሁላችንም በድምሩ አምስት ብቻ። ስድስተኛ ለመስቀል የሚፈልግ መጀመሪያ ከአምስቱ አንዱን ያስወርዳል። ለዚህም ማክሰኞና ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ ባለብዙ ዓይኑ ማይክሮስኮፕ ዙሪያ እንቀመጣለን፤ ያለ ምክንያት የሚቀር የለም። የእኔን ሳጥን ጋሼ ራሱ ወስዶ የጓንት ማስቀመጫ አደረጋት።

ቀላል አልነበረም። አንድ የማከብረው ሲኒየር ባልደረባችን በሁለተኛው ሳምንት ቢሮዬ ገባና በሩን ዘጋው። «እኔ ተማሪ ነኝ እንዴ ውጤቴ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው?» አለኝ። አስታወሳችሁ? ፒሲ ዋን እያለን የፈተና ውጤት በመታወቂያ ቁጥር ሲለጠፍ፣ ሰው ሁሉ የጓደኛውን ቁጥር በቃሉ ይዞ ሲያፈላልግ? ስም የለም ቢባልም ማን ኤፍ እንዳመጣ የማያውቅ አልነበረም። ስለዚህ ቅሬታው ገባኝ። ካርዱ ላይ የአንባቢው ምልክት ቢኖርበት በሦስት ቀን ውስጥ የሐሜት ሰሌዳ ይሆን ነበር። ያልኩት ይህን ነው፦ «ዶክተር፣ ሰሌዳው የእርስዎን ውጤት አይናገርም። ካርዱ የገባበትን ቀን ብቻ ነው የሚናገረው። አሥራ አራት ቀን ያለፈው ቀይ ነጥብ ይደረግበታል፤ ቀይ ነጥብ ያለበትን ደግሞ ማንም ነፃ የሆነ ሰው ያነሣዋል፤ የማን ነው አንባባልም።» አልተዋጠለትም። ግን ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ መጣ፤ ዛሬም ድረስ እዚያ ማይክሮስኮፕ ላይ ከሁላችንም በተሻለ የሚያስተምር እሱ ነው።

ከሁሉ የከበደው ግን የዘመድ ነገር ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ደውሎ «ይቺ የእህቴ ናት፣ ቶሎ በሉልኝ» ያላለ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። አየዋለሁ... ማንም የለም። እኔም ብዬ አውቃለሁ። ችግሩ አንዱ ሲፈጥንለት ሌላው እንደሚዘገይ ነው፤ የሚዘገየው ደግሞ ስልክ የሚደውልለት የሌለው ነው። አስቸኳይ ነገር የለም ማለት አይቻልም፤ አለ፤ የሕፃን ናሙና አለ፣ ሰርጀኑ ሕመምተኛውን አስተኝቶ የሚጠብቀው አለ። ስለዚህ ከሰሌዳው አናት ላይ አንዲት መስመር አሰመርን፦ «አስቸኳይ»። በአንድ ጊዜ አንድ ካርድ ብቻ ትይዛለች። እዚያ ያለው ካርድ ሁሉም ዓምድ ላይ ቅድሚያ አለው፤ ግን አንድ ብቻ።

ሕጉን ለመጣስ የመጀመሪያዋ ማን ሆነች መሰላችሁ? እኔ። አጎቴ አንገቱ ላይ እብጠት ወጥቶበት ናሙናው ተወሰደ፤ ብልቃጡን በእጄ ይዤ ገባሁ። መስመሯ ላይ የአንድ ሕፃን ካርድ ነበር። ቆሜ አየሁት፤ ፕላስተሩን ልነቅል እጄን ዘረጋሁ መሰለኝ። ጋሼ ከኋላዬ ሆኖ በቀስታ «ዶክተር፣ ቦታው ተይዟል» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም። የአጎቴን ካርድ እንደ ማንም ሰው ከግራ ጀመርኩት። በቤት እናቴ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ውጤቱ ሲመጣ ቲቢ ነበር፤ መድኃኒቱን ወስዶ ድኗል። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ከዳይሬክተር ቢሮ ሲደወልልኝ ለመመለስ አፌ አልከበደኝም፦ «ቦታው ተይዟል፣ መጥተው ማየት ይችላሉ።» አንዳንዶቹ መጥተው አይተዋል። ሰሌዳ ፊት ቆሞ «ይህን ሕፃን አውርዱልኝ» የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

አሁን ስለ መጨረሻው ዓምድ። መጀመሪያ «ተፈርሟል» ብለን ጻፍን። ሥራችን ፊርማ ላይ ያልቃል ብለን ነዋ! ከሁለት ወር በኋላ ቁጥሩ በጣም አማረ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ውጤት መስጫው መስኮት ወረድኩ። የተፈረሙ ውጤቶች በካርቶን ሞልተው ተቀምጠዋል፤ ባለቤቶቻቸው አልመጡም። እንዴት ይምጡ? ሦስት ጊዜ «ገና ነው» ተብለው ተመልሰዋል። እኛ ክምሩን ከራሳችን ጠረጴዛ ወደ መስኮቷ ልጅ ጠረጴዛ ነው ያዛወርነው። «ተፈርሟል» የሚለውን ሰርዘን «እጇ ገባ» ብለን ጻፍን። ወንድም ሴትም ይሁን «እጇ» ነው የሚለው፤ የቡድኑ ሰው ሁሉ ለምን እንደሆነ ያውቃል።

ይህ ዓምድ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ሥራ አስከተለ። የምርመራ መጠየቂያው ወረቀት ላይ ስልክ አይጻፍም ነበር። ሰርጀኖችን ለምነን አስጻፍን። ስልክ የሌለው የጎረቤት ወይም የቀበሌ ሰው ስልክ ይሰጣል፤ እንግዲህ ውጤት ለጎረቤት አይነገርም፤ «እገሌን ቀጠሮ አለዎት በሉልን» ብቻ ነው። የካርድ ገንዘብ ከየት ይምጣ? ለጥቂት ወራት ከኪሳችን አዋጣን፤ በኋላ በደብዳቤ ተፈቀደ፤ ይህን ደብዳቤ ግን ከማይክሮቶሙ ደብዳቤ ይልቅ ቶሎ ነው የፈቀዱት። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከእኛ ጋር ሰሌዳው ፊት ትቆማለች፤ ስብሰባው የአሥር ደቂቃ ነው፣ የሚጀመረውም ከቀኝ በኩል፣ ማለትም ለማለቅ ከቀረቡት ነው። ሰው ሲጠይቃት «ገና ነው» አትልም። «ተነቧል፣ እየተተየበ ነው፣ ሐሙስ ይደርሳል» ትላለች።

ያልሠራልንንም ልንገራችሁ። ዛይሊን ከገበያ የጠፋ ጊዜ «ማሽን» የሚለው ዓምድ ለሳምንታት ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሰሌዳ ዛይሊን አያመጣም፤ መብራትም አያመጣም። ያደረገው ነገር ቢኖር ኃላፊዎቹን ይዘን ግድግዳው ፊት ማቆም መቻላችን ነው፤ «ግዢው በሂደት ላይ ነው» የሚለው ቃል እዚያ ፊት ሲባል ሌላ ድምፅ አለው። ለሦስት ወር ያህል ደግሞ ራሳችንን አታለናል። የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲደርስ ያልተፈረመውን ካርድ ወደ ቀኝ ማንቀሳቀስ ጀመርን። የደረሰበት ማንም ተቆጣጣሪ አይደለም፤ አንዲት ሬዚደንት ናት። ካርዱ «እጇ ገባ» ላይ ተሰቅሎ ስላይዱን ንባብ ላይ አገኘችውና ሁላችንም ባለንበት አወጣችው። ሬዚደንቶች ሲያርሙን ማመስገን ከብዶናል፤ እኔ ግን አመሰገንኳት፤ ትንሽ ቆይቼ ቢሆንም።

አንድ ሌላ ክፍልም አይቶን ወዷል። ባለቀለም ባነር አሳትመው፣ የተቋሙን ዓርማ ከላይ አድርገው፣ ካርዶቹንም አብረው አሳትመው ሰቀሉ። የታተመ ካርድ አይንቀሳቀስም እኮ! እንግዳ ሲመጣ ፎቶ ይነሡበታል። ወጣቶቹ ደግሞ «ለምን በኮምፒውተር አናደርገውም?» ይሉኛል። አድርጉት፤ እኔ አልቃወምም፤ ኔትወርክ ሲኖር። ግን ስክሪን የሚያየው የከፈተው ሰው ነው፤ ግድግዳን ጽዳት የምትሠራውም ሴት ታየዋለች። አንድ ጊዜ «ዶክተር፣ ይቺ ቀይ ሰንብታለች» ብላ የጠቆመችን እሷ ናት፤ ትክክልም ነበረች።

ዛሬ ውዝፍ የለንም አልልም። የሚመጣው ናሙና ከዓመት ዓመት እየጨመረ ነው፣ ሰውም ይለቃል፤ ያስተማርናቸው ሲሄዱ ግድግዳው ወዲያው ይናገራል። ልዩነቱ ካርዶቹ ዛሬ ከአንድ ግድግዳ አያልፉም፤ ወደ ደረጃው አይዞሩም።

ለእናንተ ለመምህራኖቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ለዚህ ነው በእውነቱ የመጣሁት። ተማሪዎቻችሁ ስላይድ ማንበብ፣ ሆድ መክፈት፣ ልብ ማዳመጥ ከእናንተ ተምረው ይወጣሉ፤ እኛም ተምረናል። የሥራ ወረፋን ግን ማንም አላስተማረንም። የኬዝ ቲም አስተባባሪ ስሆን የተሰጠኝ ነገር ማኅተምና ቁልፍ ነው። ለመጨረሻ ዓመት ሬዚደንቶች የአንድ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ስጡን፤ እኔና ጋሼ እንመጣለን፤ እሱ አሁን ጡረታ ወጥቷል፣ ቢጠሩት ግን አይቀርም። ክፍል ውስጥ አናስተምራቸውም። የራሳቸውን ክፍል ውዝፍ በካርድ ጽፈው ግድግዳ ላይ እንዲሰቅሉ ነው የምናደርገው፤ በሰባት ሰዓት ግድም ዝም ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ መነጋገር ይቻላል።

ሃያ ደቂቃዬ አልቋል፤ አስተናጋጆቹም በር ላይ ቆመው እያዩኝ ነው። ጥያቄ ያለው ምሳ ላይ ያግኘኝ። የ1998 ባቾች፣ ፎቶ ከምሳ በፊት ነው፤ እባካችሁ አትበተኑ።